የቤት ውስጥ ሥራና የልጆች ሰዓት፦ ሁለቱን ሳያጋጩ ለማስኬድ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«ሥራዬን ልጨርስና እንጫወታለን» የሚለው ቃል በየቤቱ በየቀኑ ይገባል፤ በየቀኑም ይፈርሳል። የሚፈርሰው ወላጅ ልጁን ስለማይወድ አይደለም። የቤት ውስጥ ሥራ ስለማያልቅ ነው። ጠዋት የታጠበው ሳህን ማታ ይቆሽሻል፣ አሁን የተጠረገው ወለል ላይ ከአፍታ በኋላ ፍርፋሪ ይወድቅበታል። ከማያልቅ ነገር በኋላ የተቀጠረ ሰዓት መቼም አይደርስም። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ የልጁ ሰዓት አጭርና የታወቀ ሆኖ ይቀድማል፣ ሥራው ተቀንሶና ተከፋፍሎ ይከተላል።

ሌላው የሚደጋገም ስህተት ሁለቱን ሁልጊዜ በአንድ ላይ ለማስኬድ መሞከር ነው። ድስት እያማሰሉ፣ ሳይዞሩ «እሺ፣ ጎበዝ፣ አየሁት» ማለት ለልጁም ለድስቱም አይበጅም። ልጁ እንዳልታየ ያውቃል፤ ስለዚህ ይነዘንዛል፣ ቀሚስ ወይም ሱሪ ይጎትታል፣ ወንድሙን ይመታል። ሥራውም በዚያው ልክ ይጓተታል። ከልጅ ጋር የሚሠራ ሥራ አለ፤ የማይሠራም አለ። ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

መመሪያው በዋናነት ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ይመለከታል። ደረጃዎቹን ሳትዘሉ ሂዱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ትቶ በቀጥታ ጨዋታው ላይ ይጀምርና ሳምንት ሳይሞላ ዕቃው ሲቆለልበት ሁሉንም ይተወዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልገው

- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ደቂቃ ቆጥሮ የሚደውል ሰዓት። የስልክ ማንቂያም ይሠራል፤ ግን ስልኩ እጃችሁ ላይ ከዋለ መልእክቱም አብሮ ይመጣል፤ የተለየ ትንሽ ሰዓት ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ
- ክዳን ያለው አንድ ካርቶን ወይም ሳጥን (ደረጃ 6 ላይ ያስፈልጋል)
- አንድ ባዶ ቅርጫት

ደረጃ 1፦ ጊዜው የት እንደሚሄድ ለ3 ቀን መዝግቡ

1. 2 የሥራ ቀንና 1 የዕረፍት ቀን ምረጡ።
2. ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ምን ሠራሁ፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ በዚያ ጊዜ ልጁ የት ነበር።
3. ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ጻፉ። ማታ ከትውስታ ከጻፋችሁ ትልልቁን ብቻ ታስታውሳላችሁ፤ ቀኑን የሚበሉት ግን የ4 እና የ6 ደቂቃ ቁርጥራጮች ናቸው።
4. ስልክ ላይ የሄደውንም ሳትደብቁ መዝግቡ። ወረቀቱን ከእናንተ ሌላ የሚያየው የለም።

በ4ኛው ቀን ወረቀቱን ይዛችሁ ሦስት ነገር አክብቡ፦ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተሠራውን ሥራ፣ ባይሠራ ማንም የማያስተውለውን ሥራ፣ እና ልጁ እግራችሁ ሥር ሆኖ የተነጫነጨበትን ሰዓት። ሦስተኛው ዋናው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ወደ ቤት ከገባ በኋላና ከእራት በፊት ባለው ሰዓት ላይ ይወድቃል፤ የእናንተ ግን ሌላ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን እመኑ።

*ካልሆነላችሁ፦* ቀኑን ሙሉ መመዝገብ ከከበደ ወደ ቤት ከገባችሁበት እስከ ልጁ መኝታ ያለውን ብቻ መዝግቡ። ለቀጣዩ ሥራ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ሥራውን በ4 ክፍል መድቡ

በመዝገቡ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ሥራ ከአራቱ በአንዱ ሥር ጻፉ።

ሀ. ዛሬ ግድ የሚል። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዛሬ ባይሠራ ነገ የሚታመም፣ የሚራብ ወይም የሚለብሰው የሚያጣ ሰው አለ? ምግብ ማዘጋጀት፣ ምግብ የነካውን ዕቃ ማጠብ፣ የሚሸት ቆሻሻ ማውጣት፣ የነገ ልብስ፣ የሚድህ ሕፃን ካለ እሱ የሚውልበት ወለል እዚህ ይገባሉ። የተረፈ የበሰለ ምግብም እንዲሁ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፣ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ዝርዝሩ ከ6 ካለፈ እንደገና ፈትሹት፤ ልማድ ግድ መስሎ ገብቷል ማለት ነው።

ለ. ቀን የሚቆረጥለት። መታጠቢያ ቤት ማጽዳት፣ አንሶላ መቀየር፣ ፍሪጅ መወልወል፣ ብዙ ልብስ ማጠብ። ለእያንዳንዱ ቀን ከእነዚህ አንዱን ብቻ ስጡት፣ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ካለቀ አለቀ፤ ካላለቀ የቀረው ሳምንት ቀኑ ሲደርስ ይቀጥላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አውጥታችሁ ለማስጣት ጊዜ በሌላችሁ ሰዓት ልብስ ማጠብ አትጀምሩ። እርጥብ ተከምሮ ያደረ ልብስ ይሸታል፤ እንደገና ይታጠባል፤ የቆጠባችሁት ጊዜ በእጥፍ ይሄዳል።

ሐ. ከልጅ ጋር የሚሠራ። ዝርዝሩ ደረጃ 7 ላይ አለ።

መ. የሚቀር ወይም የሚቀነስ። የአንሶላና የቤት ልብስ መተኮስ፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ እየለኩ ማጠፍ፣ አንዴ የተለበሰውንና ያልቆሸሸውን ልብስ ማጠብ፣ አሻንጉሊት በተበተነ ቁጥር መሰብሰብ (በቀን አንዴ፣ ማታ ብቻ ይሰብሰብ)። ይህን ክፍል ባዶ የሚተው ሰው ደረጃ 4 ላይ ሲደርስ የሚሰጠው ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ከቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ እስኪቀነስ ድረስ ቁረጡ፦ ግማሹ ለልጁ፣ ግማሹ ለመጓተቱ። መጓተት ይኖራል።

እዚህ ላይ የብዙዎች እጅ ይያዛል። ቤት ሳይጸዳ ማየት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ከቤቱ አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ፣ ለምሳሌ የመመገቢያ ጠረጴዛውን፤ እሱን ሁልጊዜ ንጹሕ አድርጉት። ሌላው ክፍል ቀኑን ይጠብቅ።

ደረጃ 3፦ ልጁ የሚውልበትን ቦታ ከአደጋ አጽዱ

ይህ ካልተሠራ በየደቂቃው «ተው! እንዳትነካ!» እያላችሁ ትውላላችሁ፤ ሥራውም ጨዋታውም አይሆንም። አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡለት።

- በረኪናና ሌሎች የጽዳት ፈሳሾች ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጡ። ወደ ውኃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሌላ አሲድነት ያለው ማጽጃ ወይም አሞኒያ ካለበት ፈሳሽ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ልጅ ኖረም አልኖረም አይደረግ።
- ምድጃ። የድስትና የመጥበሻ እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር። ከኋላ ያለውን ምድጃ አስቀድሙ። ከምድጃው 1 ሜትር ርቀት ላይ ወለሉን በባለቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ እሳት ሲኖር ልጅ መስመሩን አያልፍም። ለትንንሽ ልጆች «ራቅ በል» ከሚል ቃል ይልቅ የሚታይ መስመር ይገባቸዋል። መስመሩ ግን ዓይናችሁን አይተካም።
- ባልዲ። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፤ ሲሰጥምም ድምፅ አይሰማም። ወለል እንደወለወላችሁ ባልዲውን ወዲያው ድፉ።
- ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ። በሪሞት፣ በትንሽ ሚዛንና በሚዘፍኑ አሻንጉሊቶች ውስጥ አለ። ከተዋጠ ጉሮሮን በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ልጁ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።
- ትናንሽ ዕቃዎች። ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ በመጸዳጃ ወረቀት ጥቅል መሃል ባለው ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ወለል ላይ አይገኝ። ቱቦውን ይዛችሁ እየለካችሁ ዙሩ።

ደረጃ 4፦ የልጁን ሰዓት ከሥራው በፊት አስቀምጡ

1. ርዝመቱን በዕድሜ ወስኑ። ከ2 እስከ 3 ዓመት ለሆነው 10 ደቂቃ፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት 15 ደቂቃ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ለትልልቆቹ በየቀኑ ካልተቻለ በሳምንት 4 ቀን ይበቃል። አጭር መሆኑ አያስጨንቃችሁ፤ በየቀኑ የሚገኝ 10 ደቂቃ ቅዳሜ ላይ ከሚቀጠርና ከሚሰረዝ 3 ሰዓት ይበልጣል።
2. ከድርጊት ጋር እሰሩት። በሰዓት ቁጥር ከቀጠራችሁት መንገድ ሲዘጋ፣ ስብሰባ ሲረዝም ይፈርሳል። «ቤት ገብተን ጫማ ካወለቅን በኋላ፣ ድስት ከመጣዱ በፊት» ከተባለ ግን አይናወጥም።
3. ደረጃ 1 ላይ ካከበባችሁት የንጭንጭ ሰዓት ቀድማችሁ አስቀምጡት። ትኩረት አስቀድሞ ያገኘ ልጅ በኋላ ሲርቁት ይታገሣል። ያላገኘ ግን እስኪያገኝ ድረስ ይከተላችኋል።
4. ከርሃብ ጋር አታጋጩት። ልጁ ርቦት ከገባ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይቅመስ፣ ከዚያ ይጀመር።
5. ስም ስጡት፣ ለልጁም ንገሩት። «የአንቺ ሰዓት»፣ «የአንተ ሰዓት» ይበቃል። ልጁ ሰዓቱን በስሙ መጠየቅ ሲችል ንጭንጩ ይቀንሳል።
6. ብዙ ልጆች ካሉ ለየብቻ ስጡ። ለሁሉም በቀን ካልተዳረሰ በተራ አድርጉና ተራውን ልጆቹ በሚያዩት ወረቀት ላይ በሥዕል ወይም በቀለም አመልክቱ። የአንዱ ሰዓት ሲሆን ሌላው ከደረጃ 6 ሳጥን ጋር ይቀመጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሰዓት ለቅጣት አትጠቀሙበት። «ስላጠፋህ ዛሬ የለም» ካላችሁ ልጁ ሰዓቱን ማመን ያቆማል፤ ያን ቀን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ለጥፋቱ ሌላ መዘዝ ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ የ15 ደቂቃው አካሄድ

*ከመጀመሪያው ደቂቃ በፊት።* እሳቱን አጥፉ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ዓይናችሁ ወደዚያ ይሄዳል፣ ልጁም ያያችኋል። ሰዓቱን 15 ላይ ሙሉ። ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ፣ ዓይናችሁ ከዓይኑ ጋር እንዲስተካከል። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን።

*መክፈቻ።* «አሁን 15 ደቂቃ የአንቺ ነው። ምን እንጫወት?» ዝም ካለች ከ2 ነገር አስመርጧት፤ ከዚያ በላይ ካቀረባችሁ ምርጫው ራሱ ሰዓቱን ይበላል። ቴሌቪዥንና ስልክ ከምርጫው ውስጥ የሉም።

*ጨዋታው።* ልጁ ይምራ፣ እናንተ ተከተሉ። ሦስት ነገር አድርጉ፦ የሚሠራውን በቃል ግለጹ፣ የተናገረውን ድገሙ፣ የሚያደርገውን አብራችሁ አድርጉ። ከሦስት ነገር ተቆጠቡ፦ ከጥያቄ፣ ከትእዛዝ፣ ከእርማት። ከባዱ ጥያቄን መተው ነው፤ ለወላጅ ጥያቄ መጠየቅ ማስተማር ይመስለዋል፤ ለልጁ ግን ፈተና ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። የ4 ዓመት ልጅ ኩቦች ትደረድራለች። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አትበሉ። «ትልቁን ከታች አደረግሽው» በሉ። ሌላ አንስታ ከላይ ስታስቀምጥ እናንተም ከጎን የራሳችሁን መደርደር ጀምሩ፣ ከሷ ሳትበልጡ። ማማው ይዘማል። እጃችሁ ሊዘረጋና ሊያስተካክል ይፈልጋል፤ ጉልበታችሁ ላይ ያዙት። ሲወድቅ ምንም ሳትናገሩ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩና ፊቷን እዩ። «ወደቀ!» ካለች «ወደቀ! ሁሉም ተበተነ» ብላችሁ መልሱላት። ከሳቀች አብራችሁ ሳቁ፤ ከተናደደች «በጣም ለፍተሽበት ነበር» በሉ። «አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣ እንደገና እንሥራ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ዝም ካላችኋት አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ኩቡን ታነሳለች። ያ 5 ቆጠራ ሲለመድ በዚህ ሰዓት የምትሰጡት ትልቁ ነገር እሱ ይሆናል።

*ሥራ ትዝ ሲላችሁ።* ይላችኋልም። «ልብሱ አልተሰጣም» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጣሉና ተመለሱ። ያልተጻፈ ሐሳብ እስክትነሱ ድረስ ይመላለሳል፤ የተጻፈው ይተኛል።

*መዝጊያ።* 2 ደቂቃ ሲቀር ተናገሩ፦ «ሰዓቱ ሊደውል 2 ደቂቃ ቀርቶታል፤ የመጨረሻውን ምረጪ።» ሲደውል ጨርሱ። ጨዋታው ደስ ስላለ ብቻ አታራዝሙ፤ ዛሬ በለቅሶ የተራዘመ ነገ ለቅሶውን ይዞ ይመጣል። ማራዘም ከፈለጋችሁ ለልጁ አስቀድማችሁ ነግራችሁ ከመጀመሪያው 20 ላይ ሙሉት።

*ከ8 ዓመት በላይ ላሉት* ወለል ላይ መቀመጥ አያስፈልግም። ፊት ለፊት ከመቀመጥ ጎን ለጎን መሆን ይሻላቸዋል፦ አብሮ መራመድ፣ ኳስ መቀባበል፣ ካርታ መጫወት፣ ሥዕል መሣል። «ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ካላችሁ «ደህና» ይላችሁና ያልቃል። የራሳችሁን ቀን አንድ ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ወሬው ብዙውን ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ከጨዋታ ወደ ሥራ ተሻገሩ

መመሪያው የሚሰበርበት ቦታ ይህ ነው። የተለመደው ስህተት ልጁ ሳያይ ሹልክ ብሎ ወደ ወጥ ቤት መሄድ ነው። ልጁ ቀና ሲል ያጣችኋል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእናንተ አይነቅልም።

1. የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ንገሩ፦ «አሁን ምግብ ልሠራ ነው። ሰዓቱ ሲደውል መጥቼ የሠራኸውን አያለሁ።»
2. ከጨዋታው አንድ ዕቃ ይዞ ይምጣ። ለመሻገር የሚይዘው ነገር ያለው ልጅ እጁን አይዘረጋባችሁም።
3. ከምድጃው መስመር ውጭ፣ ግን በምታዩት ቦታ አስቀምጡት።
4. የሥራ ሰዓት ሳጥኑን ክፈቱ። በውስጡ 4 ወይም 5 አሻንጉሊት ይኑር፤ በሌላ ሰዓት አይወጣ። በየሳምንቱ ሁለቱን ቀይሩ። ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሆነ በ3ኛው ቀን ዋጋ ያጣል።
5. ሰዓቱን ሙሉ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ብቻ። 2 ወይም 3 ቀን ከሠራ 8፣ ከዚያ 12፣ እስከ 20 ድረስ ጨምሩ።
6. ሲደውል ሥራው ባያልቅም ሂዱ። አንድ ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ እንደገና ሙሉትና ተመለሱ። ቃሉ አንዴ ከተሰበረ ከ5 ደቂቃ ትጀምራላችሁ።

ደረጃ 7፦ ከልጅ ጋር የሚሠራውን አብራችሁ ሥሩ

ከልጅ ጋር የሚሠራ ሥራ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ይህን አስቀድማችሁ ካልተቀበላችሁ አትጀምሩት፤ እየቸኮሉ «ስጠኝ እኔ ልሥራው» ማለት ልጁ ሁለተኛ እንዳይሞክር ያደርገዋል። በየቀኑ ሁሉንም አብሮ መሥራትም አያስፈልግም፤ በቀን አንድ ሥራ ይበቃል።

- ከ2–3 ዓመት፦ የቆሸሸ ልብስ ወደ ቅርጫት መክተት፣ የፈሰሰ ውኃ በጨርቅ ማበስ፣ አሻንጉሊት ወደ ሳጥን መመለስ።
- ከ4–5 ዓመት፦ ካልሲ ማጣመር፣ የማይሰበሩ ዕቃዎችን ጠረጴዛ ላይ መደርደር፣ አትክልት ማጠብ።
- ከ6–8 ዓመት፦ መጥረግ፣ ፎጣና ቲሸርት ማጠፍ፣ አልጋ ማንጠፍ።
- ከ9–12 ዓመት፦ ዕቃ ማጠብ፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ ቀላል ምግብ ማዘጋጀት።

መጥበስ፣ መተኮስ፣ በረኪና ያለበት ጽዳትና ስለታም ቢላ ትንንሽ ልጆች በሌሉበት የሚሠሩ ናቸው።

ትእዛዙን አሳጥሩ። «ክፍልህን አጽዳ» ለ5 ዓመት ልጅ ትእዛዝ አይደለም፤ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። «መኪናዎቹን በዚህ ቅርጫት ውስጥ ክተት» ግን ይገባዋል። ካለቀ በኋላ ቀጣዩን ንገሩት፤ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ አትዘርዝሩ።

ከ3 ዓመት ልጅ ጋር ልብስ ማጠፍን እንውሰድ። የደረቀውን ልብስ መሬት ላይ ከምሩ። ካልሲዎቹን ለይታችሁ 6 ብቻ ፊቱ አስቀምጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መወርወር ይጀምራል። አንዱን አንሡና «የዚህ ጓደኛ የት ሄደ?» ብላችሁ ያዙት። እሱ ሲፈልግ እናንተ ሁለት ሸሚዝ ታጥፋላችሁ። የተሳሳተ ጥንድ ካመጣ ተቀበሉና አስቀምጡ፤ ፊቱ ፈታችሁ አታጣምሩ፣ ሲተኛ ታስተካክሉታላችሁ። 10 ደቂቃ ሳይሞላው ካልሲውን እጁ ላይ አጥልቆ ማውራት ሊጀምር ይችላል። ያኔ ለእሱ ሥራው አብቅቷል፤ የቀረውን ብቻችሁን እጠፉ፣ አትጎትቱት።

ልጁ ያጠፈውን ፎጣ እሱ እያየ መልሳችሁ አትጠፉ። ከሁሉም ጥፋት ይህን ቶሎ ያስተውላል።

ደረጃ 8፦ ሥራውን ከአዋቂዎች ጋር ሙሉ ሙሉውን ተካፈሉ

ቤት ውስጥ ሌላ አዋቂ ካለ «አግዘኝ» ወይም «አግዢኝ» የሚለውን ተዉ። እገዛ ሲሆን ማስታወሱና ማዘዙ በአንዱ ላይ ይቀራል፤ የሚያደክመውም እሱ ነው። ሥራውን ከሐሳቡ ጋር ስጡ፦ ልብስ የእሱ ከሆነ፣ መቼ እንደሚታጠብ ማሰቡ፣ ሳሙና ማለቁን ማየቱ፣ አስጥቶ ማስገባቱ ሁሉ የእሱ ነው። ሲረከብ ስለ ደረጃው ተስማሙ (ለምሳሌ «ዓርብ ማታ ለሁሉም ንጹሕ ልብስ ይኑር»)፤ ከዚያ በኋላ አሠራሩን አታርሙ። የአንዱ ወላጅ የልጅ ሰዓት ሲሆን ሌላው በሩን ይጠብቅ፦ ስልክ ያንሳ፣ ድስቱን ይይ፣ ሌላውን ልጅ ይያዝ። ነገ ይገለባበጡ።

በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ስንት ቀን የልጁ ሰዓት ተሳካ? የትኛው ሥራ ከ«ሀ» ወጥቶ ወደ «መ» ሊወርድ ይችላል? ማን ነው ከመጠን በላይ የደከመው? ከ7 ቀን 5ቱ ከተሳካ ምንም አትቀይሩ። ከ3 በታች ከሆነ ሰዓቱን አሳጥሩ፣ ቦታውን ቀይሩ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ሰዓቱ ሲደውል ልጁ ቢያለቅስ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ነው። «ማቆም ከባድ ነው፤ ነገም አለ» በሉና ወደ ደረጃ 6 ሂዱ። አትከራከሩ፣ አታራዝሙ። ሰዓቱ በየቀኑ እንደሚመለስ ሲያይ ለቅሶው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቀን ከዘለላችሁ ግን ይመለሳል።

ልጁ «አልፈልግም» ቢል። ብዙ ቃል ከፈረሰበት ልጅ ይህ ይጠበቃል። አትማጸኑት፣ ግን አትነሡም። አጠገቡ ቁጭ በሉና ራሳችሁ ጸጥ ብላችሁ መሣል ወይም መደርደር ጀምሩ። ሰዓቱ ሲደውል «የአንተ ሰዓት አለቀ፣ ነገ እመጣለሁ» ብላችሁ ተነሡ።

እንግዳ ወይም ድንገተኛ ሥራ ቢመጣ። ሰዓቱን ወደ 3 ደቂቃ አሳጥሩት እንጂ አትሰርዙት። እውነቱን ተናገሩ፦ «ዛሬ 3 ደቂቃ ብቻ አለን።» «ነገ እጥፍ አደርግልሃለሁ» አትበሉ፤ ነገም የራሱ ሥራ አለው።

ቤቱ ከቁጥጥር ውጭ ቢሆን። ለ3 ቀን የ«ሀ» ዝርዝርን ብቻ ሥሩ። የተበተነውን ሁሉ በባዶው ቅርጫት ሰብስቡና ጥግ ላይ አስቀምጡ፤ በ3ኛው ቀን ቁጭ ብላችሁ ለዩት። የልጁን ሰዓት በእነዚህ ቀናት አትንኩት። መጀመሪያ የሚሠዋው እሱ ነው፤ ለመመለስ የሚከብደውም እሱ ነው።

ስክሪን (ቴሌቪዥን ወይም ስልክ) ማሳየት ካስፈለጋችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰ ይሻላል ይላል። ለ2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ያላችሁን ደቂቃ ለአደገኛው ሥራ አስቀምጡ፦ ዘይት ስትጠብሱ ወይም ስትተኩሱ። ስክሪኑን ለመዝጋት ከሰዓት ይልቅ «ይህ ክፍል ሲያልቅ» ማለት ይቀላል፤ መሃል ላይ መቁረጥ ጠብ ያመጣል።

ወላጅ ከደከመ። ተኝቶ የሚደረግ ጨዋታ ምረጡ፦ ልጁ ሐኪም ሆኖ ይመርምራችሁ፣ ፀጉር ያበጥርላችሁ፣ መጽሐፍ ይዞ ይምጣና ሥዕሉን እያየ ይተርክላችሁ። ዓይናችሁ ከተከደነ አቁሙና ነገ ጠዋት ከቁርስ በፊት 5 ደቂቃ ስጡት።

ብቻቸውን ለሚያሳድጉ ወይም ማታ ለሚሠሩ። ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዙሩ፤ ልብስ ከመልበስ ጋር እሰሩት። የ«መ»ን ዝርዝር ከሌሎች ይልቅ በጭካኔ ቁረጡ፤ የሚተካችሁ እጅ ስለሌለ ሥራው ራሱ መቀነስ አለበት።

ከ1 ዓመት በታች ሕፃን ካለ። የተለየ ሰዓት አትፈልጉ። መመገቡ፣ ዳይፐር መቀየሩና ማጠቡ ራሱ ሰዓቱ ነው። ስልኩን ራቅ አድርጉ፣ ዓይኑን እዩ፣ ድምፅ ሲያወጣ ጠብቁና መልሱለት። ነቅቶ ሳለ በዓይናችሁ ሥር ለጥቂት ደቂቃ በሆዱ አስተኙት፤ ሲተኛ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ይሁን። እሱ የተኛበትን ሰዓት በሙሉ ለሥራ አታውሉት፤ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ለታላቁ ልጅ ስጡ፣ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይታጠባል።